የመጨረሻ ቤት ለታመመ ውሻ፦ የራስ ማድረግ፣ በአደራ መያዝ ወይስ ከሩቅ ማገዝ?

ፎቶውን አይታችሁታል። ፊቱ የሸበተ ውሻ የመጠለያው ወለል ላይ ተጋድሞ ወደ ካሜራው ቀና ብሏል። ከሥሩ «ብዙ ጊዜ የለውም፤ የመጨረሻ ቤት እንፈልግለታለን» ይላል። አንጀት ይበላል። ጣታችሁ ወደ ስልኩ ይሮጣል። «እኔ እወስደዋለሁ» ልትሉ ነው።

አንዴ ቁጭ በሉ። አትውሰዱት ልል አይደለም። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ወስጃለሁ። የመጀመሪያው ላይ ያጠፋሁት ፍቅር አንሶኝ አልነበረም። ምርጫው መውሰድና አለመውሰድ ብቻ መስሎኝ ነው። ለካስ መውሰድ ራሱ ብዙ ዓይነት ነው። በሽታውም እንደዚያው። አንዱ ቤት በደስታ የሚያስታምመው ውሻ ሌላውን ቤት በሁለት ሳምንት እንቅልፍ ያሳጣዋል።

ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ጊዜ ቀረው?» ብሎ ነው። ሐኪሙም ቢሆን የሚነግራችሁ ግምት ነው። እኔ ዛሬ የማስቀድመው ሌላ ጥያቄ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲብስበት የሚደወለው ማን ጋ ነው? «ይብቃው» የሚለውስ ማነው? ይህ ካልተመለሰ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

መንገዶቹ

የራስ ማድረግ ግልጽ ነው። ትፈርማላችሁ፣ ትወስዱታላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ውሻው የእናንተ ነው። ሐኪም የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። የመጨረሻውን ቀን የምትወስኑትም እናንተው። ማንንም ማስፈቀድ የለም፤ ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ችግሩ ወጪው ጣሪያ የለውም። «አንድ ወር ቢኖር ነው» ተብሎ የመጣ ውሻ አንድ ዓመት ሊኖር ይችላል። ደስ ይላል፤ ግን አሥራ ሁለት ወር መድኃኒት ነው። ስለዚህ ስትወስኑ ኪሳችሁን የምታማክሩት ሐኪሙ በነገራችሁ ጊዜ ሳይሆን በእጥፉ ነው።

በአደራ መያዝ ደግሞ ሌላ ነው። ውሻው በወረቀት የመጠለያው ሆኖ ይቆያል፤ የሚኖረው እናንተ ቤት ነው። ሕክምናውን አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው መጠለያው ነው፣ በራሱ ሐኪም በኩል። የእናንተ ድርሻ ቤት፣ ጊዜና ጭን ነው። ለዚህ ሥራ ጥሩ ቃል አለን፤ ማስታመም። ሆስፒስ የሚባለውም፣ የማይድን ሕመምተኛን እስከ መጨረሻው የማስታመም ሥራ፣ ከዚህ ብዙ አይርቅም። እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሲሲሊ ሳንደርስ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ሴንት ክሪስቶፈር ሆስፒስን የከፈቱት ለሰው ነው። ሐሳቡ ግን ውሻም ጋ ይሠራል። መዳን ባይኖርም ገና የሚሠራ ብዙ ነገር አለ።

የአደራው እሾህ ውሳኔው ላይ ነው። የእኔ የመጀመሪያው ውሻ በአደራ የመጣ ነበር። ትልቅ፣ ጥቁር፣ የፊት እግሩ አጥንት ላይ ካንሰር ያለበት። አንድ ቅዳሜ ማታ ከምንጣፉ ሲነሳ እግሩ ከዳው። ያን ጩኸት እስካሁን አልረሳውም። አጥንቱ ተሰብሮ ነበር። ተሸክሜ ክሊኒክ አደረስኩት፣ ማስታገሻ ወጉት፣ ከዚያ «በመርፌ እንዲያርፍ ባለቤቱ ይፍቀድ» አሉኝ። ባለቤቱ መጠለያው ነው። ቁጥሩ የተሰጠኝ ሰው ስልክ አያነሳም። ሌላ ቁጥር የለኝም። እስከ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ድረስ ወለሉ ላይ አብሬው ተቀመጥኩ። ማስታገሻው ሲቀንስ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ድጋሚ ይሰጡታል። ሰውየውን አልወቅስም፣ እሱም መተኛት አለበት። ቀድሜ ያልጠየቅኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ በአደራ ከመያዛችሁ በፊት አንዲት ወረቀት ጠይቁ። «ድንገት ከባሰበት፣ ሐኪሙም ካመነበት፣ እኛን ሳትጠብቁ እንዲያርፍ ማድረግ ትችላላችሁ» የምትል፣ የተፈረመች። ሁለት የተለያዩ ስልክ ቁጥሮችም ያዙ። ይህን የማይሰጥ መጠለያ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሦስተኛው ከሩቅ ማገዝ ነው። ብዙ ሰው ንቆ ያልፈዋል፤ እኔም ንቄው ነበር። የመድኃኒቱን ወጪ መሸፈን፣ ወፍራም ፍራሽ መግዛት፣ በሳምንት አንዴ ሄዶ ፀሐይ ላይ አብሮ መቀመጥ። አንዳንድ ውሻ እዚያው መጠለያው ውስጥ ሰው አለው። ጠዋት የሚመግበውን ሠራተኛ ኮቴ ይለያል። በሩ ገና ሳይከፈት ጭራው ወለሉን መምታት ይጀምራል። የቀረው ጊዜ በቀን የሚቆጠር ከሆነ ከዚያ ሰው ነጥሎ የማያውቀው ቤት ማስገባት ለማን ብሎ ነው? ጤነኛ ውሻ እንኳ አዲስ ቤት ሲገባ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጥግ ይዞ፣ በደንብ ሳይበላ ሊያሳልፍ ይችላል። ሰው ያለውና ሳምንት የማይሞላ ጊዜ የቀረው ውሻ ባለበት ቢያስታምሙት ይሻላል ባይ ነኝ። ጫጫታው እያስበረገገው ብቻውን የሚያድር ከሆነ ግን ለሁለት ሌሊትም ቢሆን አውጡት።

ለጀማሪ ምከር ብባል በአደራ እላለሁ፤ ያቺ ወረቀት ካለች። የራስ ማድረግን የምመክረው የታመመ ውሻ ይዞ ለሚያውቅና የሚያምነው ሐኪም ላለው ነው።

ከፊቱ በፊት በሽታውን እዩ

ይህን ስል ጨካኝ እመስል ይሆናል። ግን የምትኖሩት ከፎቶው ጋር አይደለም። የምትኖሩት ከሽንቱ፣ ከትንፋሹና ከሌሊቱ ጋር ነው።

በልብ ድካም ልጀምር፤ ሁለተኛዋ ውሻዬ ይህ ነበረባት። ትንሽ፣ ነጭ፣ አንድ ጆሮዋ የተቆረሰ። ትናንሽ ውሾች ሲያረጁ የልባቸው ቫልቭ በደንብ አልዘጋ ማለቱ የተለመደ ነው። ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ውሎ አድሮ ሳንባ ውስጥ ውኃ ይቋጥራል። ውኃውን የሚያስወጣው ፉሮሴማይድ ነው፤ ልብን የሚያግዘው ደግሞ ፒሞቤንዳን። ፉሮሴማይድ ማለት ሽንት ማለት ነው። ሌሊት ሁለት ጊዜ ተነስቶ በር መክፈት የማይችል ሰው ይህን በሽታ አይውሰድ። በመድኃኒት የተያዘ ልብ ግን ብዙ ጥሩ ቀን ይሰጣል። የእኔዋ አምስት ወር ሙሉ በር ላይ ስትቀበለኝ ነበር።

ማታ ማታ አንድ ሥራ ነበረን። እንቅልፍ ሲወስዳት ጎኗ ቁጭ ብዬ ደረቷ ስንት ጊዜ እንደሚነሳ እቆጥራለሁ። ተነስቶ ሲወርድ አንድ ነው። ሠላሳ ሰከንድ በስልክ እይዝና በሁለት አባዛለሁ። ልቡ በመድኃኒት በደንብ የተያዘ ውሻ ሲተኛ በደቂቃ የሚተነፍሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ30 በታች ነው። የእኔዋ 22፣ 24፣ 22 ነበረች። ማቀዝቀዣው በር ላይ በለጠፍኩት ወረቀት ላይ እጽፈዋለሁ። አንድ ማክሰኞ 34 ሆነ። ሕልም እያየች ይሆናል ብዬ ተውኩት፤ እግሯም እየተወራጨ ነበር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደገምኩት፤ 38። ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። መጠኑን ከፍ አደረገው። በማግስቱ ማታ 26። እስክትሞት ድረስ ለሐኪሙ ከምነግረው ወሬ ሁሉ በላይ የጠቀመችን ያቺ ወረቀት ናት።

የኩላሊት ድክመት ዘገም ያለ ነው። ብዙ ይጠጣል፣ ብዙ ይሸናል፣ ያቅለሸልሸዋል። ዛሬ የወደደውን ምግብ ነገ አፍንጫውን ያዞርበታል። ሞቅ አድርጎ መስጠት ሽታውን ስለሚያወጣው ይረዳል። አንዳንዱ ከቆዳው ሥር ፈሳሽ በመርፌ ያስፈልገዋል። አያስፈራችሁ፤ ሐኪሙ ካሳያችሁ ቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር ነው። ቤት ለሚውልና ትዕግሥት ላለው ሰው ከሁሉም የሚስማማው ይህ ይመስለኛል።

ሊምፎማ፣ የሊምፍ ዕጢዎች ካንሰር፣ አታላይ ነው። መንጋጋው ሥርና ከጉልበቱ ኋላ ያሉት ዕጢዎች አብጠው ውሻው ግን ይጫወታል። ያለ ኬሞቴራፒ ፕሬድኒሶሎን በሚባለው ስቴሮይድ ብቻ ከተያዘ በአብዛኛው የሚነገረው አንድ ወይም ሁለት ወር ነው። መድኃኒቱ ሲጀመር ዕጢዎቹ ይጎድላሉ፣ ውሻው ይበላል፣ ያ ሐኪም ተሳስቷል ማለት ትጀምራላችሁ። አልተሳሳተም። አጭር ግን ደህና ጊዜ መስጠት ለሚፈልግ ቤት ይሆናል። እንዳልኳችሁ ግን ያታልላል።

የጣፊያ ካንሰር፣ ሄማንጂዮሳርኮማ የሚባለው፣ ዕቅድ የሚወድ ሰውን ይቀጣል። ጠዋት ኳስ ሲያሳድድ የነበረ ውሻ ከሰዓት በኋላ ወድቆ ይገኛል። ዕጢው ፈንድቶ ሆዱ ውስጥ ደም ፈሷል ማለት ነው። ድዱን ማየት ልመዱ። ሮዝ መሆኑ ቀርቶ ከነጣ፣ በጣት ጫን ብላችሁ ስትለቁት ቀለሙ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ካልተመለሰ ወደ ክሊኒክ ሂዱ። ድዳቸው ጥቁር የሆኑ ውሾች አሉ፤ የእነሱን የታችኛውን የዓይን ቆብ ውስጡን እዩ። ትናንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ይህን በሽታ ሲወስድ ልጆቹ ፊት ሊሆን እንደሚችል አውቆ ይውሰድ።

የአጥንት ካንሰር ላይ እውነቱን ልናገር። ሁለተኛ አልወስድም። በብዛት የሚይዘው ትላልቅ ውሾችን ነው፣ ሕመሙም ከባድ ነው። ሕመሙን በደንብ የሚያጠፋው እግሩን መቁረጥ ነው። ያ የማይሆን ከሆነ መድኃኒቱ የሚሮጠው ከኋላ ነው። የተበላ አጥንት ደግሞ በትንሽ እንቅስቃሴ ይሰበራል፤ ያየሁት ነው። «ትንሽ ያነክሳል እንጂ ደህና ነው፣ ጭራውን ያወዛውዛል» ሲሏችሁ አትመኑ። ማንከሱ ራሱ ሕመም ነው። ውሻ እያመመውም ጭራውን ያወዛውዛል። ጠንካራ ማስታገሻ የሚያዝና ማታም የሚገኝ ሐኪም ከሌላችሁ ይህን በሽታ ለሌላ ሰው ተዉት። ካላችሁ ግን በአደራ ሳይሆን የራሳችሁ አድርጋችሁ ውሰዱት፤ ውሳኔው ሰዓት አይሰጥም።

የአከርካሪው ነርቭ ቀስ በቀስ የሚሞትበት በሽታም አለ። የኋላ እግሩ ይከዳዋል እንጂ አያመውም። የሚያመው የእናንተን ወገብ ነው። ፎጣ ከሆዱ ሥር አሳልፋችሁ ከኋላ እያነሳችሁ ነው የምታወጡት። ሠላሳ ኪሎ ውሻና ሦስተኛ ፎቅ አይሄዱም። መነሳት ሲያቅተው ደግሞ እንዳይቆስል በየጥቂት ሰዓቱ ጎኑን መቀየር አለ።

የእርጅና መርሳትን ብዙ ሰው ከከባድ በሽታ አይቆጥረውም። ሌሊቱን ሙሉ ሲዞር፣ ጥግ ገብቶ መውጫው ሲጠፋው፣ ግድግዳ ላይ ሲጮህ አንድ ሳምንት ብታድሩ ሐሳባችሁን ትቀይራላችሁ።

ቤታችሁ

ሌላ ውሻ ካላችሁ መጀመሪያ ውጭ፣ ማንም «የእኔ ነው» የማይለው ቦታ ላይ አገናኟቸው። የታመመው መሸሸጊያ ይኑረው፤ ከጤነኛው ጋር አብሮ መሮጥ አይጠበቅበትም። ወለላችሁ የሚያንሸራትት ከሆነ የማይንሸራተት ምንጣፍ አንጥፉ። ከፍራሹ እስከ ውኃው፣ ከውኃው እስከ በሩ። ይህ ብቻውን ብዙ ውሻን ቀጥ አድርጎ ያስኬዳል።

ስለ መድኃኒት አንድ ነገር ብቻ። ለራሳችሁ የገዛችሁትን የሕመም ማስታገሻ አትስጡት። አይቡፕሮፌን ውሻን ይመርዛል። ፓራሲታሞልም በገዛ እጅ የሚሰጥ አይደለም። ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ውሻ ላይ ደግሞ እንደ ሜሎክሲካምና ካርፕሮፌን ያሉትን የሕመም ማስታገሻዎች መደረብ ጨጓራውንና አንጀቱን እስከ መብሳት ያደርሳል። ውሻው ከመጠለያው ሲወጣ የሚወስደውን ሁሉ በወረቀት ተቀበሉ። ሁለት ሐኪም ያየው ውሻ ላይ ይህ ስህተት በቀላሉ ይፈጠራል።

በቃ የሚባለው መቼ ነው?

«እሱ ራሱ ይነግርሃል» የሚሉ አሉ። አንዳንዱ ይናገራል። ሌላው ግን እስከ መጨረሻው ደብቆ ይሄዳል፣ በተለይ እናንተን ሲያይ የሚነቃቃ ከሆነ። ስለዚህ መለኪያ ያዙ። ሁለቱን ሞክሬያለሁ።

አንደኛው አሊስ ቪላሎቦስ የተባሉ የእንስሳት ካንሰር ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጡት ነው። ሰባት ነገር ይመዘናል፦ ሕመም፣ መብላት፣ ውኃ፣ ንጽሕና፣ ደስታ፣ መንቀሳቀስ፣ እንዲሁም ጥሩ ቀኖቹ ከመጥፎዎቹ መብለጣቸው። ትንፋሽ የሚገባው ሕመም ውስጥ ነው። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 ትሰጣላችሁ። ድምሩ ከ35 በላይ ከሆነ ማስታመሙ ይቀጥላል። ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ካለ ይህ በጣም ጥሩ ነው። እኔና ባለቤቴ ለየብቻ ሞላነው። የእሷ 31፣ የእኔ 44። ያን ማታ ብዙ አወራን።

ሌላው ቀላል ነው። ውሻው ገና ደህና ሳለ የሚወዳቸውን ሦስት ነገሮች ጻፉ። የእኔዋ በር ላይ መቀበል፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ፀሐይ መሞቅና የጎረቤት ድመት ላይ መጮህ ነበር። ሁለቱን ስትተው ለሐኪሙ ይደወላል። ብቻውን ለሚኖር ሰው ይህ ይሻላል። ቁጥር ስንሞላ ራሳችንን መሸወድ እንችላለን፤ ድመቷ መስኮት ላይ ተቀምጣ ዝም ስትባል ግን መሸወድ ያስቸግራል።

በራሱ ጊዜ ይሙት ወይስ በመርፌ ይረፍ? ሕጉ በየቦታው ይለያያል፣ እምነትም አለ፤ እዚያ ውስጥ አልገባም። አንድ ነገር ግን ልበል። «በራሱ ጊዜ» ሲባል ብዙ ሰው በዓይነ ሕሊናው የሚያየው ተኝቶ አለመንቃትን ነው። ያ የሚሆንለት ውሻ አለ። በልብ ድካም ግን መጨረሻው ብዙ ጊዜ አየር ማጣት ነው። መርፌውን የማትመርጡ ከሆነ ሐኪሙ ለመጨረሻዎቹ ሰዓታት ምን ማስታገሻ እንደሚተውላችሁ ቀድማችሁ ተስማሙ። ዝም ብሎ መጠበቅ ማስታመም አይደለም።

መርፌውን ከመረጣችሁ የምታዩትን ልንገራችሁ፤ ለእኔ የነገረኝ አልነበረም። መጀመሪያ ማደንዘዣ ይሰጠዋል። በደቂቃዎች ውስጥ ይተኛል፤ መሰናበት ከዚያ በፊት ነው። ቀጥሎ ከመጠን ያለፈ ሌላ ማደንዘዣ ይሰጠዋል፣ በብዛት ፔንቶባርቢታል። ልቡ በደቂቃዎች ውስጥ ይቆማል። ዓይኑ አይከደንም። ሊሸና ይችላል። ከሞተ በኋላ አንድ ሁለት ጊዜ አየር እንደሚስብ ሊሆን ይችላል። ነፍሱ ተመልሳ አይደለም፤ ጡንቻው ነው።

ቤት ወይስ ክሊኒክ? ቤት መጥቶ የሚሠራ ሐኪም ካለና በሽታው ቀጠሮ የሚሰጥ ከሆነ፣ እንደ ኩላሊት፣ ቤት ይሁን። የክሊኒክ ሽታ የሚያስደነግጠው ውሻ በራሱ ፍራሽ ላይ መሄዱ ትልቅ ነገር ነው። ጣፊያና ልብ ግን ቀጠሮ አያከብሩም። ሐኪሙን ቤት ብትጠሩም ሌሊት የሚከፈት ክሊኒክ ቁጥር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስልካችሁ ውስጥ ይኑር።

መቼ? የመጀመሪያው ውሻዬ ላይ አንድ ሌሊት ዘገየሁ። ሁለተኛዋ ላይ ምናልባት አንድ ሳምንት ቸኮልኩ። በዚያ ቀን ጠዋት ትንሽ በልታ ነበር፣ ሐኪሙ ሲገባም ጭራዋን ነቅንቃለች። ስለ እሷ ሳስብ ሆድ ይብሰኛል። ስለ እሱ ሳስብ ግን ከእንቅልፌ እነቃለሁ።

ቤታችሁ ውስጥ ያለው ሌላ ውሻ አስከሬኑን ያሽትተው፤ አትከልክሉት። የመጀመሪያው ሲሞት ቤት የነበረችው የራሴ አሮጊት ውሻ አንዴ አሽትታው ወጣች፤ ከዚያ በሩ ሥር ተኝታ መፈለጓን አቆመች። በአደራ ይዛችሁ ከነበረ ለመጠለያው በዚያው ቀን ንገሩ። የተረፈውን መድኃኒት ምን ማድረግ እንዳለባችሁም ጠይቁ፤ መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጡት።

ከዚያ መደወላቸው አይቀርም። አስታማሚ ቤት ሁልጊዜ ይፈለጋል። እኔ ጋ የመጀመሪያው ውሻ በሞተ በሦስተኛው ሳምንት ደወሉ። አንድ አጥንት ካንሰር ያለበት ውሻ አለ አሉኝ። አልችልም አልኩ፣ አፍሬም ስልኩን ዘጋሁት። የእሱን መድኃኒት ለሁለት ወር ሸፈንኩ። ከሰባት ወር በኋላ እኔው ደወልኩ። «የልብ ያለበት አላችሁ?» ብዬ ጠየቅኩ። «አንዲት ጆሮዋ የተቆረሰ አለች» አሉኝ።